ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፦ የወፎች የእግር ጣት አደራደር

ሐረር፣ ጊዲር መጋላ ሥጋ ተራ አጠገብ ሥጋ አንጠልጥሎ መሄድ ድፍረት ይጠይቃል። ጭልፊቶቹ ጣሪያ ላይ ሆነው ያዩሃል። ክንፍ ሽው ይላል፣ ቀና ስትል እጅህ ባዶ ነው። ብዙ ሰው በአፏ የነጠቀችው ይመስለዋል። በእግሯ ነው። ሦስት ጣት ከፊት፣ አንድ ጣት ከኋላ መጥተው እንደ ጉጠት ይገጥማሉ።

ይህ በጣም የተለመደው አደራደር ነው። ርግብም ድንቢጥም ዶሮም እንዲሁ ናቸው። ዶሮ ሲታረድ የተቆረጠውን እግር ወስዶ ነጩን ጅማት እየሳበ ታናናሾቹን ያስፈራራ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል፤ ጅማቱ ሲሳብ ጣቶቹ ይጨበጣሉ። ቅርንጫፍ መያዝም ሥጋ መንጠቅም በዚሁ ጅማት ነው። በነገራችን ላይ፣ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለን የወፍ ቁርጭምጭሚት ነው። እውነተኛው ጉልበቷ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ላባ ውስጥ ተደብቋል። ወፍ የምትሄደው በጣቶቿ ብቻ ነው።

ግንደ ቆርቁርና በቀቀን ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ናቸው። አንዱ ግንድ ይወጣበታል፣ ሌላው ፍሬ ይዞ ይበላበታል፣ ልክ እንደ እጅ። ጉጉት ደግሞ የውጭ ጣቷን እንደፈለገች ወደ ፊትም ወደ ኋላም ታዞራለች። ትሮጎን የሚባሉት የደን ወፎችም ሁለት በሁለት ናቸው፤ እነሱ ግን ወደ ኋላ የመለሱት የውስጠኛውን ጣት ነው። ከወፍ ሁሉ እንዲህ ያለ እግር ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ግን በድሬዳዋ ቆላ የሚገኘው፣ ጭራው እንደ ክር የረዘመ፣ ላባው የአይጥ ጠጉር የሚመስል፣ በእንግሊዝኛ «ማውስበርድ» (የአይጥ ወፍ) የሚባል ትንሽ ወፍ ነው። አራቱንም ጣቶቹን ወደ ፊት ማዞር ይችላል፤ ሲያሻው ሁለቱን ወደ ኋላ ይመልሳል። እንደ ሌላው ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ አይልም፤ ይንጠለጠላል። እግሮቹን እስከ ትከሻው ሰቅሎ፣ ሆዱን ለጠዋት ፀሐይ ሰጥቶ ይሞቃል። ፍሬ ይወዳል፤ የጓሮ ፓፓያ ያለው ሰው ግን እሱን አይወደውም።

ዓሣ አጥማጅና ንብ በል ወፎች የፊት ጣቶቻቸው በከፊል የተጣበቁ ናቸው። የወንዝ ዳር አፈር ቦርቡረው ጎጆ ሲሠሩ አፈሩን በእግራቸው ወደ ውጭ ይጠርጋሉ። ደርቆ በተመለሰው ሐረማያ ሐይቅ ላይ የምትዋኝ ዳክዬ ሦስቱ የፊት ጣቶቿ በቆዳ የተያያዙ ናቸው። ፔሊካን አራቱንም አያይዟል።

በምሥራቁ ቆላ የሚሮጠው የሶማሌ ሰጎን ግን የቀሩት ጣቶች ሁለት ብቻ ናቸው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚፈተለከው በእነሱ ነው። ትልቁ ጣት እንደ ሰኮና የጠነከረ ጥፍር አለው፤ ትንሹ አብዛኛውን ጊዜ ጥፍርም የለውም።