ባጋቫድ ጊታ «ውጤቱን እርሳ» አይልም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሕንድን ፍልስፍና ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ የባጋቫድ ጊታን ያህል እየተጠቀሰ የማይነበብ መጽሐፍ አላጋጠመኝም። በሥልጠና አዳራሽ፣ በቴሌግራም ገጽ፣ በዮጋ ማዘውተሪያ ግድግዳ ላይ ጥቅሱ አይታጣም፤ ከየትኛው ምዕራፍ እንደ ተወሰደ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ አይገኝም። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስሕተቶች ከዚህ በታች አቀርባለሁ፤ አብዛኞቹ አጭር መልስ የሚበቃቸው ሲሆኑ፣ አንዱ ግን ትዕግሥቴን ስላስጨረሰኝ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

«ጊታ የሂንዱዎች መጽሐፍ ቅዱስ ነው።» የሂንዱ እምነት ሁሉም የሚዳኝበት አንድ ብቸኛ መጽሐፍ የለውም። ጊታ ማሃባራታ ከሚባለው እጅግ ረጅም የግጥም ትረካ ስድስተኛ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ፣ በ18 ምዕራፎችና በ700 ያህል ስንኞች የተጻፈ ንግግር ነው። በሊቃውንቱ አመዳደብ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዙት ቬዳዎች የተባሉት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው፤ በሕዝብ ዘንድ በመወደድ ግን ጊታን የሚስተካከል ጥቂት ነው።

«ጊታ የዮጋ እንቅስቃሴ መመሪያ ነው።» ስለ አካል አቀማመጥ የሚናገረው በስድስተኛው ምዕራፍ ያሉ ጥቂት ስንኞች ናቸው፤ እነርሱም ንጹሕ ቦታ፣ ከፍ ዝቅ ያላለ፣ ሣር፣ የአጋዘን ቆዳና ጨርቅ የተነጠፈበት መቀመጫ፣ ቀጥ ያለ ጀርባና አንገት ይጠይቃሉ እንጂ እግርን ከአንገት በላይ ማዞር አይጠይቁም። ወረድ ብሎም ይህ መንገድ አብዝቶ ለሚበላም ሆነ ጨርሶ ለሚጾም፣ እንቅልፍ ለሚያበዛም ሆነ ራሱን ከእንቅልፍ ለሚከለክል እንደማይሆን ያስጠነቅቃል።

«የሆነው ሁሉ ለበጎ ሆነ፤ የሚሆነውም ለበጎ ይሆናል።» ይህ «የጊታ ፍሬ ነገር» እየተባለ በሕንድ ሱቆችና በቀን መቁጠሪያዎች ላይ ታትሞ የሚሸጥ ጽሑፍ ነው እንጂ የጊታ ስንኝ አይደለም። እኛ ዘንድ በቶሎ የተወደደው ሁሉ ለበጎ ነው ከሚለው አባባላችን ጋር ስለ ገጠመ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ጊታ ሥራህን ሥራ፣ ውጤቱን እርሳ ይላል» የሚለው አባባል የጊታን ትምህርት ገልብጦ የሚያቀርብ ነው። ምንጩ የሁለተኛው ምዕራፍ 47ኛ ስንኝ ሲሆን፣ ስንኙ አራት ነገሮችን ይናገራል፦ መብትህ በሥራው ላይ ነው፤ በፍሬው ላይ ግን ፈጽሞ አይደለም፤ ለሥራ የሚያነሣሣህ ፍሬውን ፍለጋ አይሁን፤ ሥራን ወደ መተውም አታዘንብል። ጠቃሾቻችን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዘው ይሮጣሉ፤ አራተኛውን አንድም ቀን ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም።

የንግግሩን መነሻ ያነበበ ሰው በዚህ ሊሳሳት ባልቻለ ነበር። አርጁና የተባለው ጦረኛ በኩሩክሼትራ ሜዳ ሁለት ሠራዊት መካከል ቆሞ በተቃራኒው ወገን አያቶቹን፣ መምህራኑንና የአጎቱን ልጆች ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ አፉ ይደርቃል፣ ቆዳው ይቃጠላል፣ ጋንዲቫ የተባለው ቀስቱ ከእጁ ይንሸራተታል፤ በመጨረሻም «አልዋጋም» ብሎ ዝም ይላል። ሠረገላውን የሚነዳለት፣ ሂንዱዎች በሰው አምሳል የተገለጠ አምላክ ነው የሚሉት ክሪሽና ቀጣዮቹን ምዕራፎች የሚናገረው ሥራውን ሊተው ለተቀመጠ ለዚህ ሰው ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይም ክሪሽና በሦስቱ ዓለማት የቀረኝና የማገኘው ምንም ነገር ሳይኖር እኔ ራሴ እሠራለሁ ይለዋል።

ከዚህም የጠነከረ ማስረጃ አለ። በ18ኛው ምዕራፍ ጊታ ሥራን በሦስት ደረጃ ሲከፍል፣ የሚያስከትለውን መዘዝ፣ የሚያመጣውን ጥፋትና የሠሪውን አቅም ሳያገናዝቡ በድንዛዜ የሚጀመረውን ሥራ ከሁሉ በታች ያደርገዋል። ወዲያውም ሰነፉንና የዛሬውን ለነገ የሚያሳድረውን ሠራተኛ በዚያው በዝቅተኛው ረድፍ ሲያሰልፈው፣ የላቀው ሠራተኛ ጽናትና ትጋት ያለው፣ ቢሳካለትም ባይሳካለትም የማይናወጥ ነው ይላል። ስለዚህ ውጤቱን አስቀድሞ መመዘን ግዴታ ነው፤ የተከለከለው ልብን ከውጤቱ ጋር ማሰር ነው። ገበሬ አርሶ፣ አለስልሶ፣ ዘሩን መርጦና አረሙን ነቅሎ ሲጨርስ ዝናቡን ማዘዝ አይችልም፤ ዝናቡ በእጄ አይደለም ብሎ ሳያርስ የሚቀመጠውን ግን ጊታ አያመሰግነውም።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ ሁለት ጉዳዮችን ልጥቀስ። አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፉን ሳያርም አስረክቦ ሲወድቅ፣ ከጊታ የተማረው ውጤት እንዳያስጨንቀው መሆኑን በኩራት ነገረኝ፤ ስለ ሰነፉ ሠራተኛ የሚናገረውን የ18ኛውን ምዕራፍ 28ኛ ስንኝ አውጥቼ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አደረግሁት። በሌላ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥልጠና ላይ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያቸውን ሲጠይቁ፣ አሠልጣኙ የሁለተኛውን ምዕራፍ 47ኛ ስንኝ በስክሪን ላይ አውጥቶ «ፍሬውን አትጠብቁ» አላቸው። ስንኙ የሚናገረው ስለ ሠሪው ልብ ነው፤ ከፋዩን ከዕዳው ነጻ የሚያወጣ አንድም ቃል የለበትም።

«ጊታ ጦርነትን ይሰብካል።» ጥያቄው ከባድ ነው፤ የሕንድ ታላላቅ ሰዎችም አልተስማሙበትም። የሕንድ ነጻነት ታጋይ የነበረው ቲላክ እንግሊዞች በበርማ በሚገኘው በማንዳላይ እስር ቤት ባሰሩት ጊዜ በጻፈው ሰፊ ማብራሪያ ጊታን የተግባርና የትግል ጥሪ አድርጎ አነበበው፤ በ1889 ለንደን ሳለ በእንግሊዝኛ ትርጉም የተዋወቀው ጋንዲ ደግሞ ሜዳውን በሰው ልብ ውስጥ ያለ የደግና የክፉ ፍልሚያ አድርጎ ወሰደው። ጊታን ከማሃባራታ ነጥሎ የሚያነብ ሰው የሚያመልጠው ግን አንድ ነገር አለ፦ ከጦርነቱ በፊት ራሱ ክሪሽና ለዕርቅ ተልኮ ነበር፤ የአርጁና ወገኖችም አምስት መንደር ብቻ ቢሰጣቸው እንደሚበቃቸው ቢያስታውቁ ተነፍገዋል።

«ጊታ ስለ መደብ ክፍፍል (ካስት) ምንም አይልም» የሚሉት ደግሞ የወዳጅነት ስሕተት ይሠራሉ። በአራተኛው ምዕራፍ አራቱ የኅብረተሰብ መደቦች (ካህናት፣ ጦረኞች፣ ገበሬና ነጋዴዎች፣ አገልጋዮች) በባሕርይና በሥራ እንደ ተለዩ ይነገራል፤ ይህን ይዘው «በልደት አይደለም» ብለው የሚከራከሩ አሉ። በ18ኛው ምዕራፍ ግን ለየመደቡ የተፈጥሮው ነው የተባለ ሥራ ይመደብለታል፤ የራስን ግዴታ በጉድለት መፈጸም የሌላውን አሳምሮ ከመፈጸም ይሻላል ተብሎም ይደመደማል። የመደብ ሥርዓቱን አጥብቆ የታገለው የሕንድ ፖለቲከኛ አምበድካር ጊታ ለመደብ ሥርዓቱ የፍልስፍና መከታ ሆኗል ሲል አጥብቆ የተቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጽሐፉን መውደድ ይህን ትችት ከመስማት አያድንም።

ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ «የስም ዝርዝር ነው» ብላችሁ አትዝለሉት፤ የአርጁና ጥያቄ ሳይገባ የክሪሽና መልስ አይገባም። ቀጥላችሁ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ ከዚያም 12ኛውንና 18ኛውን አንብቡ፤ ሌሎቹን በኋላ ትመለሱባቸዋላችሁ። ከጥንቶቹ የጊታ ተርጓሚ ሊቃውንት ሻንካራ ዕውቀትን፣ ራማኑጃ ደግሞ ለአምላክ መሰጠትን ማዕከል አድርገው አንድኑ ስንኝ ለየቅል ስለሚተረጉሙት በአንድ ማብራሪያ ብቻ አትወሰኑ። ጥቅስ ሲላክላችሁም የምዕራፉንና የስንኙን ቁጥር ጠይቁ፤ ቁጥሩን ካገኛችሁ ደግሞ ከስንኙ በፊትና በኋላ ያሉትን አሥር አሥር ስንኞች ሳታነብቡ ለሌላ ሰው አታስተላልፉት።