ነጻ የፎሬክስ ዳታ ምን ያህል ይታመናል?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ፎሬክስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የውጭ ገንዘብ መነገድ፣ የጀመረ ልጅ ቀድሞ የሚያወርደው ነገር ያለፉት ዓመታት የዋጋ ዳታ ነው። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ስልቱን በአሮጌ ዋጋ ይፈትነዋል። ባክቴስት የሚሉት ይሄንን ነው። ዳታው በነጻ ይገኛል። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ሳይፈትሹ ማመን ያስከፍላል።

የምንዛሪ ገበያ አንድ አዳራሽ የለውም። በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. በቀን 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ይገበያይ እንደነበር ተቆጥሯል፣ ይሄ ሁሉ ግን የሚያልፈው በባንኮችና በብሮከሮች (አገበያይ ድርጅቶች) መካከል ነው፣ ሁሉም የየራሱን ዋጋ ይጠራል። ስለዚህ «ያን ቀን ዩሮ ስንት ነበር?» ማለት «ጤፍ ስንት ገባ?» እንደማለት ነው። የት? ቢቸና፣ ሞጣ ወይስ ማርቆስ? ለገዢ ወይስ ለሻጭ? ሜታትሬደር 4 በሚባለው የመገበያያ ፕሮግራም ላይ የምታዩት ካንድል (የዋጋውን መውጣትና መውረድ የሚያሳየው ምልክት) ብሮከሩ ከእናንተ የሚገዛበት ዋጋ ብቻ ነው። የሚሸጥላችሁ ዋጋ የለበትም። ልዩነቱን፣ ስፕሬዱን ማለቴ ነው፣ ካልደመራችሁ አክሳሪው ስልት አትራፊ ሆኖ ይታያችኋል። ቮሉም የሚለው አምድም የገንዘብ መጠን አይደለም፤ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ ነው የሚቆጥረው።

ይህ ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴ በሚገናኝበት በባሶ ገበያ አሞሌ ጨው በጠገራ ብር ይመነዘር ነበር፣ ምንዛሪውም እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ጠገራው ላይ የተጻፈው ዓመት ደግሞ መቼ ቢቀረጽም 1780 ነው። እና ሰው ዓመቱን አይቶ አይቀበልም፤ ጠገራው ላይ የተቀረጸችው የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥር ነበር።

ዳታ ላይም ቶሎ የሚያሳስተው የተጻፈው ሰዓት ነው። ዱካስኮፒ የሚባለው የስዊስ ባንክ በግሪንዊች ሰዓት ይመዘግባል። ሂስትዳታ የሚባለው የነጻ ዳታ ድረ ገጽ በኒውዮርክ መደበኛ ሰዓት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አይቀይረውም። ብዙ ብሮከሮች ደግሞ ከግሪንዊች 2 ወይም 3 ሰዓት ይቀድማሉ። እኛ ጋ የራሳችን አቆጣጠር ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ የግሪንዊች እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አንድ ጥሩ መፈተኛ ልንገራችሁ። ገበያው የሚከፈተው እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው፣ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በገፉበት ወራት በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በመለሱበት ወራት 7 ሰዓት። የፋይላችሁን ሰዓት ወደ እኛ ቀይሩና የሳምንቱን የመጀመሪያ መስመር እዩ። ካልገጠመ፣ «ጠዋት ላይ ይሠራል» ያላችሁት ስልት የተፈተነው በሌላ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው መፈተኛ የታወቁ ቀኖች ናቸው። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. የስዊስ ብሔራዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ያደርግ የነበረውን ገደብ ድንገት አነሳ፣ ዋጋውም በደቂቃዎች ተናደ። ያን ቀን ለስላሳ መስመር ካሳያችሁ አንድ ሰው ፋይሉን አጽድቶታል ማለት ነው። ዩሮ የተጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት «የዩሮ ዋጋ» የሚል ፋይል ካያችሁ ከሌሎች ገንዘቦች ተሰልቶ የተሠራ ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከ1999 ጀምሮ በየሥራ ቀኑ የሚያወጣው ዋጋ በነጻ ስላለ ከእሱ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። በትንሹ ቢለያይ ችግር የለውም። ብዙ ከተለያየ ግን ተጠራጠሩ።

ኔት ሲቆራረጥ ደግሞ ፋይሉ መሀል ላይ ይቀራል፣ እኔም ግማሽ ወር የጎደለው ዳታ ላይ ቀናት ሙሉ ደክሜያለሁ። መስመሮቹን ቁጠሩ። የተደገመም ካለ አውጡት።

ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ ስህተት አይደለም። ብር ከ1973 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. በ2.07 ለአንድ ዶላር ተይዞ ስለቆየ ዳታው ቢደርቅ ልክ ነው፤ የጥቁር ገበያው ዋጋ ግን እዚያ ውስጥ የለም። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ያወጣሉ፣ የብር ዳታ ስታወርዱም የየትኛው ባንክ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ሆኗል።