ፐልፕ ምንድን ነው?

ፐልፕ መጀመሪያ የወረቀት ስም ነው። ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ፣ ርካሽ ወረቀት። እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን ስለማይወጣለት ቶሎ ይወይባል፤ ሲቆይም እጅ ላይ ይፈረፈራል። ፀሐይ ላይ የተረሳ ጋዜጣ ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል።

ቆይቶ ስሙ ወደ መጽሔቶቹ ዞረ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1950ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) እንደ ጉድ ይቸበቸቡ ነበር። ሽፋናቸው ያብለጨልጫል፣ ውስጣቸው ሻካራ ነው። የወንጀል፣ የካውቦይ፣ የፍቅር ታሪክ ያወጣሉ። በ1926 ደግሞ ለሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የቆመው አሜዚንግ ስቶሪስ መጣ። ዋጋው 25 ሳንቲም። ጸሐፊው የሚከፈለው በቃል ቆጠራ ነው፤ ለአንድ ቃል አንድ ሳንቲም፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች።

ዛሬ አንድን ጽሑፍ "ፐልፕ" ማለት ተራ ነው እንደማለት ሆኗል። እኔ ይህን አልቀበልም። ምክንያቴ አሜሪካዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ስታንሊ ዋይንባም ነው።

በ1902 ኬንተኪ ውስጥ፣ ሉዊቪል ተወለደ። ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምህንድስና ጀምሮ ሳይመረቅ ወጣ። በጁላይ 1934 ዋንደር ስቶሪስ በተባለው ፐልፕ ላይ "ኤ ማርሺያን ኦዲሲ" የሚለውን ታሪኩን አወጣ። በታህሣሥ 1935 ካንሰር ገደለው። ገና 33 ዓመቱ ነበር። በዚህ ዘርፍ በሕይወት እያለ ያሳተመበት ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም! ማርስ ላይ ግን በስሙ የተሰየመ ጉድጓድ አለ።

ምን አዲስ ነገር አመጣ? ያኔ የሌላ ዓለም ፍጡር አብዛኛውን ጊዜ ጭራቅ ነበር፣ ካልሆነም መልኩ የተቀየረ ሰው። በዚህ ታሪክ ማርስ ላይ የምናገኘው የዋይንባም ፍጡር፣ ትዊል፣ ግን ሌላ ነው። ሰጎን ይመስላል፤ ዘሎ ሲያርፍ በመንቁሩ መሬት ላይ ይተከላል። ጃርቪስ የተባለው የምድር ኬሚስት ቋንቋውን መልመድ አቃተው። ትዊል ግን ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ለቀም አድርጎ በነሱ ሐሳብ ይገልጻል። በርሜል የሚመስሉ ፍጡራን ሲያጋጥሟቸው "አንድ አንድ ሁለት፣ አዎ! ሁለት ሁለት አራት፣ አይ!" አለ። ጃርቪስ እንደገባው፣ አእምሮ አላቸው፣ ግን እንደኛ ዓይነት አይደለም ማለቱ ነው። በአንደኛ ክፍል ሒሳብ ይህን ያህል ማለት ቀላል አይደለም።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የድንጋዩ ፍጡር ነው። ሁለቱ በረሃ ላይ የፒራሚድ ሰልፍ ያገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ትንንሽና እጅግ ያረጁ ናቸው፤ ወደፊት በሄዱ ቁጥር እየተለቁ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ያለው ጫፍ የለውም። እያዩት ከውስጡ አንድ ፍጡር ወጣ፤ ትንሽ ተጎትቶ ተቀመጠና በየአሥር ደቂቃው ከአፉ አንድ ጡብ እያወጣ ዙሪያውን ይደረድር ጀመር። ለምን ጡብ? እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ተማሪው ብቅ ይላል። እኛ የካርቦን ፍጡራን ስለሆንን ስንተነፍስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጋዝ ነው። እሱ የሲሊከን ፍጡር ነው። የሚያስወጣው ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ያ ደግሞ ጠጣር ነው፣ አሸዋ። ታዲያ ወዴት ያድርገው? ይደረድረዋል። ፒራሚዱ ሲዘጋበት ሰብሮ ይወጣና አጠገቡ ሌላ ይጀምራል። ግማሽ ሚሊዮን ዓመት እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል።