ቤቴ ከጀጎል ውጭ ነው፤ ታዲያ ፎቅ ለምን ይከለከላል?

በግንብ የተከበበችው ጥንታዊት ከተማ ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ብዙ ሰው ጥበቃው ግንቡ ጋ የሚያበቃ ይመስለዋል። አያበቃም። ከግንቡ ውጭ ቅርሱን ከጉዳት የሚከልል «በፈር ዞን» የሚባል ቀጠና አለ፤ ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው።

ቀጠናው ራሱ ቅርስ አይደለም። እዚያ መኖር፣ መነገድ፣ መገንባትም ይቻላል። ዋናው ጥያቄ የሚሠራው ነገር ጀጎልን ይጎዳል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ የሕንፃው ከፍታና የሚቆምበት ቦታ፣ መልኩም ሳይቀር ይታያል።

ለምን? ግንቡ ውስጥ ያሉት ቤቶች ዝቅ ያሉና የተጠጋጉ ናቸው። ከመካከላቸው የመስጊድ ሚናሮች ብቅ ብቅ ይላሉ። ለእኔ ሐረርን ከሩቅ ሐረር የሚያሰኛት ይሄ ነው። በግንቡ በር ፊት ለፊት ባለመስታወት ፎቅ ቢገተር፣ ከግንቡ አንድ ድንጋይ ሳይነካ ይህ ሁሉ ይሸፈናል። ግንቡ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። በጌ ጋር፣ ማለትም በሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ሳሎን ለማስፋት ብሎ ነደባ የሚባሉትን መደቦች ማፍረስ ቤቱን ራሱን ማጥፋት ነው።

ቤት ከመግዛትዎ ወይም ፕላን ከማሠራትዎ በፊት ቦታው የትኛው ቀጠና ውስጥ እንደሚወድቅ ከከተማው አስተዳደር ይጠይቁ። ካርታ በእጅ መኖሩ ብቻ የግንባታ ፈቃድ አይሆንም።