ሽብርና የእንግዳ ክለቦች ጉዞ፦ ከጅማ ሲታይ

የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ሊጋቸው ከመጀመሩ በፊት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ፣ አልፎ አልፎም ወደ አፍሪካ ተጉዘው የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋሉ። ለክለቡ ጉዞው የዝግጅትና የገበያ ጉዳይ ነው። ለአስተናጋጁ ከተማ ደጋፊ ግን ዓመቱን ሙሉ በቴሌቪዥን የሚያሳድደውን ቡድን በዐይኑ የሚያይበት፣ ምናልባትም የማይደገም ቀን ነው። ሽብር ይህን ቀን ሲነጥቅ ጉዳቱ እኩል አይከፋፈልም፤ ክለቡ ሌላ ሜዳ ያገኛል፣ ደጋፊው ግን ከተማውን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ አይችልም። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኳስ በሁለት መንገድ ይገባታል። አንደኛው ዲኤስቲቪ ቤት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የማንቼ፣ የአርሴናልና የቼልሲ ደጋፊ በአንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የሚቃለድበት። ሁለተኛው የራሷ ክለብ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። በዚህም በ2011 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ መልሱን 1 ለ 0 አሸነፈ። ያ የመልስ ጨዋታ የተካሄደው ግን አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ጨዋታ ጀርባ ሽብር አልነበረም። ቢሆንም ጅማዊው ታላቁን እንግዳ በገዛ ሜዳው ሳያስተናግድ መቅረት ምን እንደሚመስል ያውቃል።

በዚህ ርዕስ ከሚጠቀሱት ሁሉ ግልጹ ምሳሌ የጃካርታው ነው። በሐምሌ 2001 ማንችስተር ዩናይትድ በእስያ ጉዞ ላይ ነበር። ሐምሌ 13 በጌሎራ ቡንግ ካርኖ ስታዲየም ከኢንዶኔዥያ ምርጥ ቡድን ጋር ሊጫወት ቀጠሮ ተይዟል። ሐምሌ 10 ማለዳ አጥፍቶ ጠፊዎች ጄ ደብሊው ማሪዮትንና ሪትዝ ካርልተንን፣ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሆቴሎች፣ በቦምብ መቱ። ከአጥቂዎቹ ሌላ 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ50 በላይ ቆሰሉ። ዩናይትድ ያርፍበት ዘንድ የተያዘለት ሆቴል ሪትዝ ካርልተን ነበር። ቡድኑ በዚያ ሰዓት ገና ማሌዥያ ስለነበር ከጉዳት ተረፈ፤ የጃካርታው ጨዋታም ተሰረዘ። ከዚያ የሆነውን ልብ ማለት ይገባል፦ ዩናይትድ ኩዋላ ላምፑር ላይ አስቀድሞ ከተያዘው ጨዋታ በተጨማሪ ሁለተኛ ጨዋታ አደረገ፤ ያውም ጃካርታ ላይ ሊጫወት በነበረበት በዚያው ሐምሌ 13። የማሌዥያ ተመልካች አንድ የጠበቀውን ሁለት አየ፤ የጃካርታው ምንም። ክለቡ ተጫዋቾቹን አደጋ ላይ አለመጣሉ ትክክል ነበር፤ በዚህ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። ግን ውሳኔው ሂሳቡን ወደ ማን እንደሚያስተላልፍ መደበቅ የለበትም። አርሴናል፣ ሊቨርፑልና ቼልሲ በዚያው ስታዲየም ተከታትለው የተጫወቱት ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2005 ነው።

በውድድር ጨዋታዎች ደግሞ መሰረዝ ሳይሆን ማዛወር ይበዛል። በኅዳር 1996 ኢስታንቡል በተከታታይ ቦምብ ስትመታ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ የጋላታሳራይንና የዩቬንቱስን የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ወደ ዶርትሙንድ፣ የቤሺክታሽንና የቼልሲን ወደ ጌልዘንኪርሸን ወሰደው። ጋላታሳራይ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ጀርመን ውስጥ የሚኖሩ ቱርኮች ብዙ ስለሆኑም ጩኸቱ የሜዳው ያህል ነበር። ቤሺክታሽ ግን 2 ለ 0 ተሸንፎ ከሻምፒዮንስ ሊጉ ወጣ።

አፍሪካ ውስጥ የከፋው የካቢንዳ ጥቃት ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2002፣ በገና ማግስት፣ የቶጎ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከኮንጎ ወደ አንጎላዋ ካቢንዳ በአውቶቡስ ሲገባ ግዛቲቱን ለመገንጠል የሚዋጉ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱበት። ምክትል አሰልጣኙ አባሎ አሜሌቴና የቡድኑ የመገናኛ ብዙኃን ኃላፊ ስታኒስላስ ኦክሎ ሞቱ፤ በረኛው ኮጆቪ ኦቢላሌ ክፉኛ ቆሰለ። ቶጎ ወደ አገሯ ተመለሰች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካፍ ደግሞ «መንግሥት ጣልቃ ገብቷል» ብሎ ከሚቀጥሉት ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች አገዳት። ሬሳ ይዞ የተመለሰን ቡድን መቅጣት አሳፋሪ ውሳኔ ነበር፤ ከወራት በኋላ በፊፋ ሽምግልና ተነሣ።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ነገሩ የሚቀርበው በካምፓላ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ስፔንና ኔዘርላንድስ የዓለም ዋንጫውን ፍጻሜ ሲጫወቱ የሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አልሸባብ ሁለት ቦታ ቦምብ አፈነዳ፦ በኪያዶንዶ የራግቢ ክበብና በካባላጋላ በሚገኘው «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» ምግብ ቤት። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቡድኑ ምክንያቱ ኡጋንዳ ወደ ሶማሊያ ጦር መላኳ ነው አለ። እዚህ ላይ እንግዳ ክለብም፣ ስታዲየምም፣ ትኬትም የለም፤ የተመታው ኳስ በጋራ ማየት ነው፣ ማለትም ጅማ በየሳምንቱ የምታደርገው ነገር። ስታዲየም በር አለው፣ ፖሊስ አለው፣ ፍተሻ አለው። ዲኤስቲቪ ቤት ያለው አንድ መጋረጃና ገንዘብ የሚቀበል ልጅ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ አደጋው ወደ አገር ቤት ተጠጋ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ከዋልያዎቹ ጋር ስትጫወት፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈነዳና ሁለት ሶማሊያውያን ሞቱ። ባለሥልጣናት እንዳሉት ሰዎቹ ያሰቡት የጨዋታውን ተመልካች ለማጥቃት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የብሔራዊ ቡድኑ ማሊያም ተገኝቷል። ጨዋታው ተካሂዶ ናይጄሪያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ስታዲየም የነበረው ሰው ያዘነው በውጤቱ ነው፤ ሌላውን የሰማው በኋላ ነው። ማሊያው ግን ከቦምቡ እኩል ያስፈራል፤ ከአጠገብህ የሚጨፍረውን ሰው እንድትጠረጥር ያደርጋልና።

አውሮፓም አልተረፈችም። በኅዳር 2008 ፓሪስ ከተጠቃች በኋላ ቤልጂየም ከስፔን፣ ጀርመን ከኔዘርላንድስ ሊያደርጉት የነበረው የወዳጅነት ጨዋታ ተሰረዘ። ሚያዝያ 3 ቀን 2009 የጀርመኑ ክለብ የቦሩስያ ዶርትሙንድ አውቶቡስ በፈንጂ ሲመታ ደግሞ ሁሉም ሽብርተኛ ያደረገው መስሎት ነበር፤ አጥቂው የፈለገው የክለቡ አክሲዮን ዋጋ ወድቆ ትርፍ ማግኘት ሆኖ ተገኘ። ከሞናኮ ጋር የነበረው ጨዋታ በአንድ ቀን ስለዘገየ ማደሪያ ያልያዙትን የሞናኮ ደጋፊዎች የዶርትሙንድ ሰዎች ቤታቸው አሳደሩ፣ አበሉም። ኅብረተሰቡ ለእንግዳ ያለው ክብር በፈንጂ ያልፈረሰበት ብርቅ አጋጣሚ ነው።

ጅማ በራሷ ሊግ ያየችው መስተጓጎል ከሽብር ይልቅ የጦርነት ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም። በ2013 የሊጉ ጨዋታዎች ከተማ እየቀያየሩ ሲካሄዱ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ ደረሳቸው። በትግራይ ጦርነት የተነሣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አልነበሩም። መቐለ ከጅማ አባ ጅፋር ቀጥሎ፣ በ2011፣ ዋንጫውን የወሰደ ክለብ ነው። ሦስቱ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው።