የደሴ ሰው ወክ የሚወጣበት ሐይቅ

ደሴ ውስጥ ሜዳ መንገድ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከፒያሳ በየትም በኩል ብትነሱ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ደሴ ላይ ሰው "ወክ እናድርግ" ካለ ዳገት ለመውጣት ተዘጋጁ። እግሩን ዘና አድርጎ ሜዳ ለሜዳ መሄድ ያማረው፣ ያውም ውሃ እያየ፣ መኪና ተሳፍሮ ወደ ሐይቅ ይወርዳል።

ሐይቅ የውሃውም የከተማውም ስም ነው። ከተማው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሲሆን፣ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ሌላ 25 ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። ውሃውን አገሬው ሎጎ ሐይቅም ይለዋል። ከከተማው እስከ ውሃው ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው በባጃጅ ይሄዳል። ለእኔ ግን ወኩ የሚጀምረው ከከተማው ነው። ባጃጁን ለመልስ አስቀምጡት።

ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ዙሪያውን ልሂድ ያለ ሰው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል፤ ያ ደግሞ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ዳር ዳሩን እስከ መጨረሻ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ የለም። ያለው የከብትና የገበሬ መንገድ ነው። አንዳንድ ቦታ ውሃው ጠርዝ ድረስ ማሳ ይገጥማችኋል፣ አንዳንድ ቦታ ሸምበቆና ረግረግ መንገድ ይዘጋል። ያኔ ዞር ብሎ መጠየቅ ነው። ወሎ ላይ መንገድ የሚጠቁም አይጠፋም። ችግሩ "አብሽር፣ ቀርቧል" ሲሏችሁ ነው። ቀርቧል የተባለው ነገር አንድ ሰዓት ሊያስኬድ ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚሄደው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገዳሙ ያለው ወደ ውሃው በገባ የመሬት ምላስ ላይ ሲሆን፣ አሁን በእግር ይደረሳል። ድሮ ግን ደሴት ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአካባቢው ያለፈው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው ስለ ደሴት ገዳም ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተገናኘ። ዛሬ በደረቅ እግር የምትረግጡት መሬት በአልቫሬዝ ዘመን በታንኳ የሚታለፍ ነበር ማለት ነው።

ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያደራጁትና ትልቅ የትምህርት ማዕከል ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞአ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ከእሳቸው ዘንድ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ በቤተ መንግሥትም ከባድ ቦታ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል ከአገሪቱ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶች ይህን ቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው፤ በር ላይ ደርሶ መመለስ ያናድዳል። ወር በገባ በ17 እስጢፋኖስ ስለሚከበር፣ ኅዳር 26 ደግሞ የአባ ኢየሱስ ሞአ መታሰቢያ ስለሆነ፣ ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ የምትሄዱት ሌላ ቀን ምረጡ።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የአካባቢው ሰው የሚያወራው ተረት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች ይላሉ። እግዚአብሔር ተቆጥቶ መሬቱን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች። የተረፈው ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የገዳሙ ደሴት ሆነ። ከዚያች ሴት በኋላ ቦታው ለሴት መከልከሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ውሃው ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ግን ጥልቅ ቦታው ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ዋና የማይችል ሰው ዳር ላይ ቢጠነቀቅ ይሻላል። ታንኳ የምትከራዩ ከሆነ ዋጋውን ተሳፍራችሁ ሳይሆን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዓሣው በብዛት ቆሮሶ ነው። እሱም የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። ከዚያ በፊት ውሃው በጣም ጥርት ያለ ነበር፤ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የለኩት ተመራማሪዎች እስከ 9 ሜትር ድረስ ወደ ታች ይታያል ብለዋል። በኋላ የተለካው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ለመደብዘዙ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ራሱ ዓሣው ነው፤ ውሃውን የሚያደበዝዘውን ጥቃቅን አረንጓዴ (አልጌ) የሚበሉትን የውሃ ነፍሳት ስለሚመገብ። ጥብሱ መጣፈጡን ግን መካድ አይቻልም።

ጊዜ ካላችሁ ከሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። ከእሱ የሚወርደው አንከርካ ወንዝ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። አርዲቦ ጎብኚ አይበዛበትም፤ መንገዱም ዳገት ነው። ከደሴ በስተደቡብ ደግሞ ትንሹ ማይባር ሐይቅ አለ። እዚያ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ስላለ፣ ስሙን ከጎብኚዎች ይልቅ የግብርና ሰዎች ያውቁታል።

ወቅቱን ካነሳን፣ ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መሬቱ አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል፤ ውሃው ረግቶ ታገኙታላችሁ፣ ፀሐዩም አልከረረም። ሐይቅ ከደሴ ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል፤ ሰው ይሞቀውና ጃኬቱን ቤት ጥሎ ይመጣል። ማታ መናኸሪያ ወርዶ የደሴ ብርድ ሲቀበለው ነው ትዝ የሚለው።