ሸክላ ሲበዛ፦ ስለ መቀነስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፒያሳ ነባር ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ዕቃ ሲጋዝ፣ ማንም እጁን የማይዘረጋለት ካርቶን የሙዚቃ ሸክላው ነው። መቶ ትልልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። አምስት መቶ ያለው ሰው አንድ ኩንታል የሚያልፍ ጭነት ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል ማለት ነው። መቀነሱ ራሱ ነውር የለበትም። የሚያስቆጨው፣ በብዙ ቤት የሚቀረውና የሚሄደው ተገላብጦ መገኘቱ ነው። ለዚህም ጥፋተኞቹ ከአፍ አፍ የሚዞሩ ጥቂት አባባሎች ናቸው።

«ትልልቆቹን አስቀር፣ ትንንሾቹን ስጥ»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የውጭው ትልቅ ሸክላ ባለቀለም ሽፋን አለው፣ ግድግዳ ላይም ያምራል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ የአማርኛ ሸክላ ደግሞ ብዙ ጊዜ በተቀደደ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ከረጢቱ የለም። ዓይን ያየውን ይወዳልና ትንሹ ይሄዳል።

ነገር ግን የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሸክላ ዘመን አጭር ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 ድረስ አንድ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎች ሲያወጣ፣ ትልልቆቹ ግን አንድ ደርዘን ያህል ብቻ ነበሩ። ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉ አሳታሚዎችም በዚያው ዘመን አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት መጣና ሸክላው ቆመ። እንግዲህ የዚያን ጊዜ ዘፈን በአብዛኛው የተቀመጠው በትንሹ ሸክላ ላይ ነው፤ በአንዱ ገጽ አንድ፣ በሌላው አንድ፣ ረዥም ከሆነም ለሁለት ተከፍሎ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የሲዲ ተከታታይ ብዙዎቹን መልሶ አሰምቷል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። በሚሊዮን የታተመን የውጭ ባንድ፣ የአባ (ABBA) ወይም የቦኒ ኤም ሸክላ ዛሬ ቢሰጡት ነገ ሌላ ያገኛሉ። የአማርኛውን፣ የትግርኛውን ወይም የኦሮምኛውን ትንሽ ሸክላ ግን ሁለተኛ ላያዩት ይችላሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልየታ በመጠንም በውበትም አይሁን። መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ያንብቡ። በላቲን «ኤ» እና «ኢ» ፊደላት የሚጀምር ቁጥር የአምሃ ነው፣ በ«ኬ» እና «ኤፍ» የሚጀምረው የካይፋ። የታተመበት አገር ውጭ መሆኑ አያሳስትዎ፤ የአገራችን ሸክላዎች የሚታተሙት ውጭ ነበር፣ ለምሳሌ ሕንድና ሊባኖስ። በአገር ውስጥ ቋንቋ የተዘፈነውን ሁሉ ለብቻ ያኑሩት፤ ቀሪው ተለይቶ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ክምር አንድም አይነሣ። መቀነስ የሚጀመረው ከውጭዎቹ ነው፣ ብዙውን ቦታም የሚለቁት እነሱው ናቸው።

«አሮጌ ሸክላ ሁሉ ውድ ነው»

አይደለም። ዋጋ የሚያወጣው ፈላጊ ያለውና ጥቂት የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ የመጣ የገና መዝሙር ወይም የዳንስ ኦርኬስትራ ሸክላ ዕድሜው ቢገፋም ፈላጊ ያጣል። ዋጋ ለማወቅ ዲስኮግስ በተባለው ድረ ገጽ ሲፈልጉ፣ ሻጮች የለጠፉትን ጥያቄ ሳይሆን ከዚህ ቀደም የተሸጠበትን ዋጋ ይመልከቱ፤ ዝቅተኛው፣ መካከለኛውና ከፍተኛው ተለይቶ ይታያል። ሺህ ዶላር መጠየቅ ማንንም አይከለክልም።

የመጀመሪያው ኅትመት ይሁን ድጋሚው ደግሞ መለየት አለበት። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ካለ የአምሃ ዘመን ዕቃ አይደለም። ከዘፈኑ መጨረሻ እስከ ክቡ ወረቀት ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረ ወይም የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ሸክላውን ወደ ብርሃን አጋድለው ያንብቡትና ከዲስኮግስ መዝገብ ጋር ያስተያዩት። ሽፋን ይለዋወጣል፣ ያ ቁጥር ግን አይለዋወጥም።

«ጭረት ካለው አለቀለት» ወይም በተቃራኒው «ያብረቀርቃል፣ ደህና ነው»

ሁለቱም ያሳስታሉ። የሳሎን አምፖል ጭረት ይደብቃል። ክፍሉን አጨልመው አንድ ጠንካራ መብራት፣ የስልክ ባትሪም ቢሆን፣ ከጎን ያብሩበት። ጭረት ሲያዩ ጥፍርዎን በእርጋታ በላዩ አሻግረው ያሳልፉት። ጥፍሩ ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፣ ከተሰማም ቀላል ነው። ጥፍሩን ከያዘው በየዙሩ «ጧ» ይላል፣ አንዳንዴም መርፌውን ያዘልላል።

የሚያብረቀርቀው ደግሞ በመርፌ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ከቡና ቤት የመጣ ትንሽ ሸክላ እንዲህ ነው፦ ጭረት አይታይበትም፣ ቀለሙ ግን ወደ ግራጫ ሄዷል፣ ድምፁም ያሻክራል። ይህን ለማወቅ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከገጹ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ይስሙ። ወደ መሃል በቀረበ ቁጥር ዙሩ ስለሚያጥርና ድምፁ ስለሚታጨቅ ማለቁ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው።

ደረጃ አወጣጡ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። «ኒር ሚንት» የሚባለው እንደ አዲስ የሆነው ነው፤ «ቬሪ ጉድ ፕላስ» የዚያን ዋጋ ግማሽ ያህል፣ «ቬሪ ጉድ» ሩቡን ያህል ያወጣል። «ጉድ» ስሙ ጥሩ ቢሆንም ደካማ ነው፣ ከዋጋው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ብቻ። ሽፋኑና ሸክላው ለየብቻ ይመዘናሉ። ክቡ ወረቀት ላይ የቀድሞ ባለቤት ስም ወይም ማኅተም ካለ ይተዉት፤ ሲፋቅ ወረቀቱ አብሮ ይነሣል፣ ዋጋውም ከስሙ የበለጠ ይጎዳል።

ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ለሚችል የአገር ውስጥ ሸክላ ይህ ሁሉ ደረጃ ለሽያጭ እንጂ ለመጣል ምክንያት አይሆንም። የተጫረም ይቀመጣል።

«ይጎትታል፣ ይዘላል፤ ስለዚህ ሸክላው ተበላሽቷል»

ብዙ ጊዜ የተበላሸው ማጫወቻው ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፣ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነት ይዞራል፤ በደቂቃ 33⅓ ዙር መሆን የነበረበት ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትመስላለች። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ፑሊ መግጠም ነው፣ አለዚያም በዲሲ ሞተር የሚሠራ ማጫወቻ። ለማረጋገጥ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉና ዙሩን ይቁጠሩ፦ በ33⅓ በሦስት ደቂቃ ልክ መቶ ዙር መሆን አለበት።

ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳውን ይዩ። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሸክላ መሃሉ ላይ የሚገባ ማቻያ ይፈልጋል፤ በግምት ሲቀመጥ ከመሃል ይወጣል።

ለመዝለሉም ሦስት ነገር ይፈትሹ። መርፌው ላይ የተጠራቀመ አቧራ፤ የማጫወቻው አቀማመጥ፣ ይህም ግንበኛ በሚጠቀምበት ውሃ ልክ ይለካል፤ መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት፣ ለአብዛኛው ዘመናዊ መርፌ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም። መርፌው ራስ ላይ ሳንቲም መለጠፍ የቆየ ዘዴ ነው፣ እውነትም መዝለሉን ያቆማል። ሲያቆም ግን በአምስትና በስድስት ግራም መስመሩን እያረሰ ነው። የተንጋደደውን ሸክላ በብረት ካውያ ለማቃናትም ሆነ በሁለት መስታወት መሃል አድርጎ ፀሐይ ላይ ለማስጣት አይሞክሩ፤ ሸክላው ከመቃናቱ በፊት መስመሩ ይቀልጣል።

«በአልኮል አጥበው ይለዩት»

ከመታጠቡ በፊት ምን እንደሆነ ይታወቅ። ባለ 78 ዙሩ፣ ማለትም «ሸክላ» የሚለውን ስም ያወጣው ተሰባሪው ዓይነት፣ ከሼላክ የተሠራ ስለሆነ አልኮል ያሟሟዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር የቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ነበር። እንዲህ ያለው ከተገኘ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል፤ በትንሹ ሸክላ መርፌም አይጫወት፣ ጫፉ ሰፋ ያለ የራሱ መርፌ አለው። ለይቶ ለማወቅ አጥፎ መሞከር አያስፈልግም፤ ወፍራምና ከባድ ነው፣ መስመሩም ዓይን እስኪቆጥረው ድረስ ሰፊ ነው።

ለፕላስቲኩ ሸክላ ሦስት እጅ የተጣራ ውሃ፣ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ በሊትር ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። የተጣራ ውሃ የመኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ ይገኛል፤ ነገር ግን ከጎኑ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ጀሪካን ይመጣልና ጽሑፉን አንብበው ይግዙ። ክቡ ወረቀት እንዳይርስ በእጅዎ ይሸፍኑት፣ በመስመሩ አቅጣጫ ዙሪያውን ያብሱ፣ በተጣራ ውሃ ብቻ ደግመው ያለቅልቁ፣ አቁመው ያድርቁ። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ፈጽሞ አይነኩትም።

በክረምት ሻጋታ የያዘው ለብቻው ይቀመጥ። የውስጡ ወረቀት ይጣል፣ ሸክላው ታጥቦ አዲስ ከረጢት ይልበስ።

«ወደ ኮምፒውተር ከቀዳሁት ሸክላው አያስፈልግም»

ለውጭ ሸክላ ምናልባት። ለአገር ውስጡ ግን ቅጂው የሚያክለው የዛሬ መርፌዎንና የዛሬ ማጫወቻዎን ብቻ ነው። ቢቀዱ የማጫወቻውን ደካማ ድምፅ በሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ በኩል፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ፣ ድምፁን ሳያጎድል በሚጨምቀው በፍላክ ፋይል ያስቀምጡ። ሳይጨመቅ በደቂቃ 35 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ፍላክ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። የሁለቱን ገጽ ክብ ወረቀት ፎቶ አብረው ያኑሩ፣ ቁጥሩ ያለ ፎቶ ይጠፋልና። ሸክላው የእርስዎ መሆኑ ዘፈኑን የእርስዎ አያደርገውም፤ ዩቲዩብ ላይ መጫን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) የተጠበቀን የቅጂ መብት ይነካል።

«ቆራሌው ይውሰደው፤ ካልሆነ ተቋም በደስታ ይቀበላል»

ቆራሌው በዓይኑ ይገምታል፣ ሸክላው ላይ የተጻፈውን ለማንበብም ጊዜ የለውም። ለእሱ መስጠት የሚቻለው ከላይ ያለው ልየታ ካለቀ በኋላ የተሰበረውንና የተንጋደደውን የውጭ ሸክላ ነው። ተቋምም ካርቶን ሙሉ አይቀበልም። ወመዘክርን፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ከመጠየቅዎ በፊት ዝርዝር ያዘጋጁ፦ ዘፋኝ፣ የዘፈን ርዕስ፣ አሳታሚ፣ ቁጥር፣ ያለበት ሁኔታ። ዝርዝር ይዞ የሄደ መልስ ያገኛል፣ ጆንያ ይዞ የሄደ ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ላይ አስቀምጦት ይመለሳል። ወደ ውጭ ከመላክ በፊት ቅርስን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቀድማል። በፖስታ የሚሄድ ሸክላ ከሽፋኑ ወጥቶ ከኋላው ይቀመጥ፤ ውስጡ እንዳለ ከተላከ በመንገድ እየተንቀሳቀሰ የሽፋኑን ስፌት ይቀደዋል።

«የቀረው ተደራርቦ ይቀመጥ፣ ቦታ ይቆጥባል»

ተደራርቦ የተቀመጠ ከሥር ያለውን ያንጋድዳል፣ ሽፋኑ ላይም ክብ ያትማል። ሁሉም በጠርዙ ይቁም፣ ሳይጠብቅና ሳያጋድል። አንድ ሜትር መደርደሪያ ከ250 እስከ 300 ትልልቅ ሸክላ ይይዛል፣ ክብደቱም ከ50 እስከ 75 ኪሎ ይደርሳል። 18 ሚሊሜትር ቺፕውድ ያለ ድጋፍ ይህን አይችልምና አናጺው በየ35 ወይም 40 ሳንቲሜትር መክፈያ ይምታበት። የታችኛው ረድፍ ከወለሉ አሥር ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ቤት ሲታጠብ ውሃ እንዳይነካው። ለትንንሾቹ አናጺ አያስፈልግም፤ የኤፎር ወረቀት የሚመጣበት ካርቶን ልካቸው ነው።